እትዬ መርከብ ሊሳፈሩ ነው

ቅዳሜ

ከደሴ የተነሣነው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። እናቴ ባለ አምስት ሊትር ቢጫ ጄሪካን አሸክማኛለች። አፉ በፌስታል ተጠቅልሎ በላስቲክ ተጠፍሯል፤ ውስጡ ራሷ ያወጣችው ዳግም አረቄ ነው። የአውቶቡሱ ረዳት ጭነት ሲያስገባ ብድግ አደረገና አሸተተው።

"ምንድን ነው?"

"ዘይት።"

ትንሽ አየኝና፣ "እንዲህ ያለው ዘይት ከእግር ሥር ነው የሚቀመጠው፤ ክብሪት የሚጭር ሰው አጠገብህ እንዳይቀመጥ" ብሎ መለሰልኝ።

መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሚሴና ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ጄሪካኑ ራሱን ማሳወቅ ጀመረ፤ ጣርማ በር ዋሻው ጋ ብርዱ ሲመጣ ዝም አለ። ደብረ ብርሃን ምሳ በላን። በአረቄዋ ስሟ በሚነሣ ከተማ የደሴ አረቄ ይዞ ማለፍ ድፍረት ነው፤ እኔ ግን የታዘዝኩትን ነው የማደርሰው።

መስቀል አደባባይ ስንወርድ 9 ሰዓት አልፏል። ወደ አራት ኪሎ ታክሲ ይዤ፣ ከዚያ ጄሪካኑን ከእጅ ወደ እጅ እያቀያየርኩ ቁልቁል ወደ ግንፍሌ ወረድኩ። እትዬ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ሊፍት የለም። በሩን ከፍተው ገና ሳልሳማቸው፣

"መጣ?" አሉኝ። ስለ እኔ አይደለም።

ሳሎኑ መሐል ሁለት ሻንጣዎች አፋቸውን ከፍተው ተቀምጠዋል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ቋንጣ፤ ጥግ ላይ ደግሞ በነጠላ የተጠቀለሉ ብርሌዎች። እትዬ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩት ልጆቻቸው ልደታቸውን ባሕር ላይ እናክብር ብለው፣ ከማያሚ ተነሥቶ ካሪቢያንን ለሰባት ሌሊት በሚዞር የመዝናኛ መርከብ ቦታ ይዘውላቸዋል። እሳቸው ባሕር ያዩት በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ ነው። አሁን የሚያስጨንቃቸው ባሕሩ አይደለም፤ ልደታቸው ላይ የሚቀርበው መጠጥ ነው።

"መርከቡ ላይ እኮ መጠጥ ሞልቷል፣ እትዬ።"

"የሰው ቤት መጠጥ ነዋ! ሰባ ዓመቴን በሰው ውስኪ ላክብር?"

ስለዚህ ዕቅዱ እንዲህ ነው፦ የእናቴ አረቄ፣ እሳቸው ራሳቸው የጣሉት ጠጅ፣ ስድስት ብርሌ። መርከቡ ውጭ የተገዛ መጠጥ እንደማያስገባ ልጃቸው በስልክ ነግሯቸዋል። እሳቸው ግን ይህን የሰሙት ጎረቤት "አትድከሙ" ሲል እንደሚሰማው ነው።

እሑድ

ከቅድስት ሥላሴ ቅዳሴ መልስ ቡና ተፈላ። ጎረቤት ሁሉ መጣ፣ ከነሱ መሐል ካፒቴን አለ። ካፒቴን ስሙ አይደለም፤ ሠፈሩ ነው ያወጣለት። የፊት ለፊቱ ብሎክ ልጅ ነው፤ በአንድ ትልቅ የመዝናኛ መርከብ ላይ ጥበቃ ሆኖ ይሠራል፣ አሁን ዕረፍት ላይ ነው። መሪ ጨብጦ አያውቅም። ሥራው ተሳፋሪ ወደብ ላይ ሻንጣውን ሲያስረክብ ከፍተሻ ማሽኑ ኋላ ተቀምጦ ስክሪን ማየት ነው፤ በስክሪኑም የሚፈልገው ከምንም በላይ ጠርሙስ ነው።

ስኒውን ሳያስቀምጥ ዓይኑ ሻንጣው ላይ አረፈ። ሦስት ትልልቅ ሰማያዊ የአፍ መጉመጥመጫ ጠርሙሶች ተደርድረዋል።

"እማማ፣ ይሄ ሁሉ የማን አፍ ነው?"

እትዬ ሳቁ። የልጅ ልጃቸው በቴሌግራም ቪዲዮ ልካላቸው ኖሯል፦ መጉመጥመጫውን ትደፊና ጠርሙሱን አጥበሽ፣ ነጭ መጠጥ ሞልተሽ፣ የምግብ ቀለም ጠብ ታደርጊበታለሽ። እትዬ አንዱን በአረቄ ሞክረውታል። ካፒቴን ያንኑ አነሣና ነቀነቀው፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ትልልቅ አረፋዎች ብቅ ብለው ወዲያው ጠፉ። ያልተከፈተውን አንሥቶ ሲነቀንቀው ደግሞ ነጭ አረፋ አንገቱ ላይ ተኮለኮለና ቆየ። በመጨረሻ የክዳኑን ቀለበት በጥፍሩ ነካ አደረገው፤ የእትዬው ቀለበት ተበጥሷል።

"ማሽንም አያስፈልገኝም" አለ። "ለሰባት ቀን ሦስት ሊትር መጉመጥመጫ የያዘ ሰው ሲመጣ፣ ሻንጣውን ሳልከፍት ጣዕሙን እነግረዋለሁ።"

ቀኑን ሙሉ ያወራው ይህንኑ ነው፤ እኔም የመጣሁበትን ረስቼ ሰማሁት። የፀሐይ ቅባት ጠርሙስ የሚመስል ግን መጠጥ መያዣ ሆኖ የተሠራ ዕቃ በይፋ ይሸጣል። ልብስ መሐል ተጣጥፎ የሚገባ ለስላሳ የላስቲክ ከረጢት አለ። ሲያዩት አቅርቦ ማያ መነጽር፣ ሲከፍቱት በአንድ ዓይኑ ውስኪ በሌላው ሮም የሚቀዳም አለ። የታሸገ የውሃ ጠርሙስ ክዳኑን ሳይሰብሩ ከፍተው ቮድካ ሞልተው የሚመልሱም ነበሩ፤ ካርኒቫል የተባለው የመርከብ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ተሳፋሪ ውሃና ለስላሳ በጠርሙስ ይዞ እንዳይገባ የከለከለው በዚህ ሰበብ ነው። ከዚያ ወዲህ ለስላሳ ማስገባት የሚፈልግ በጣሳ ነው፣ ለሰው እስከ 12 ጣሳ። ጣሳ ከፍቶ መልሶ መግጠም ያስቸግራል።

"ስትይዙትስ?" አለች አንዷ ጎረቤት።

"አንይዘውም፤ ሻንጣውን ነው የምንይዘው።" ሻንጣ ተሳፋሪው ክፍል በር ላይ መድረስ ሲገባው ሳይደርስ ይቀራል። ባለቤቱ መጀመሪያ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይናደዳል፣ ከዚያ ከታችኛው ፎቅ ወዳለች ጠባብ ክፍል ና ይባላል። እዚያ ሲደርስ ሌሎችም ተሰልፈዋል። አንዱ የልብስ መተኮሻ ይዞ ነው፤ እሱም ክልክል ነው፣ እሳት ይፈራል። ሌላው ቢላ ነው። አብዛኛው ግን ጠርሙስ ነው። ካፒቴን እንደሚለው ከሁሉ የሚከብደው ሽማግሌ ባልና ሚስት ሲመጡ ነው፤ ባልየው ሻንጣው ሲከፈት ወደ ሚስቱ ዞሮ "ይሄን አንቺ ነሽ የከተትሽው?" ይላታል። እሷም እዚያ ምንም ሳትል ትቆያለች፤ ክፍላቸው ሲደርሱ ምን እንደምትለው ካፒቴን አያውቅም።

መጀመሪያ ቀን የተገኘ ጠንካራ መጠጥ በብዙዎቹ መርከቦች ይደፋል፤ ካሣ የለውም። በመንገድ ወደብ ላይ ወርዶ የተገዛ ከሆነ ግን ተመዝግቦ ይቀመጥና በመጨረሻው ምሽት ወይም በመውረጃው ቀን ይመለሳል። መርከቡ ውስጥ ካለው ሱቅ የተገዛም እንደዚያው ነው፤ ገንዘቡን ዛሬ ከፍለህ ጠርሙሱን ስትሄድ ትቀበላለህ።

እትዬ እስካሁን ዝም ብለው ነበር። "ልጄ፣ እንዲያው ጠርሙስ ምን ያደርጋቸዋል? ሰው ቤቱ ያለውን ይዞ ቢመጣ ምን ይጎዳቸዋል?"

ካፒቴን ሁለት መልስ አለው፤ አንዱ የተማረው፣ ሌላው ያየው። የተማረው ስለ ደኅንነት ነው። ባሕር ላይ የሰከረ ሰው የት ይሄዳል? ፖሊስ ጣቢያ የለም፣ ሐኪም ቤቱ አንዲት ክሊኒክ ናት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣችው የመዝናኛ መርከቦች ደኅንነት ሕግ የመርከብ ዳር አጥር ቁመት ቢያንስ 42 ኢንች፣ 107 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲሆን ያዘዘው ሰው እየወደቀ ስላስቸገረ ነው። ባር ላይ የሚቀዳ አስተናጋጅ "ለዛሬ ይበቃዎታል" ማለት ይችላል፤ ክፍሉ ውስጥ በሩን ዘግቶ የሚጠጣውን ግን ማንም አያየውም። ሠራተኛውማ ጭራሽ አይቻልም፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ ደንብ የደኅንነት ሥራ ያለበት መርከበኛ በደሙ ውስጥ ከ0.05 በመቶ በላይ አልኮል እንዳይገኝበት ያዛል።

ያየው ደግሞ ገንዘቡን ነው። ቲኬቱ የሚረክሰው ሌላው በውስጥ ስለሚሸጥ ነው። እዚያው ስልኬን አውጥቼ ፈለግኩ፦ የካርኒቫል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 ካስገባው 21.6 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ 7.5 ቢሊዮኑ የቲኬት ገንዘብ አይደለም። በእርግጥ ያ ሁሉ መጠጥ አይደለም፤ ቁማሩም፣ ጉብኝቱም፣ ኢንተርኔቱም አለበት። ቢሆንም ከሦስት ዶላር አንዱ የሚገኘው ሰው ከተሳፈረ በኋላ ከሆነ፣ በር ላይ ያለው ፍተሻ ሙሉ በሙሉ ለደኅንነት ነው ቢሉኝ አላምንም። ካፒቴንም አያምንም፤ ደመወዙ ግን ከዚያው ነው።

አረቄው በመለኪያ ዞረ። ሰማያዊውን ማንም አልነካውም።

ሰኞ

ጠዋት እትዬ ቋንጣውን ከሻንጣ አወጡት። ሥጋ አሜሪካ አይገባም ብሎ ልጃቸው ሌሊት ደውሏል። "እሱን እንኳን ደህና" አሉ፤ አረቄው ላይ ግን ጥያቄ አላቸው፣ መልሱንም ከሚያውቅ ሰው በጆሮዬ ስማልኝ ብለው ላኩኝ።

ከአራት ኪሎ በፒያሳ አድርጌ በእግር ሄድኩ። ፒያሳን የማውቃት በጠባብ መንገድና በወርቅ ቤት ነበር፤ አሁን ሰፍታለች፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፊት ለፊት ገትሮ ይዟታል። ቶሞካ ጎራ ብዬ ቆሜ አንድ ማኪያቶ ጠጣሁ፤ ከ1953 ዓመተ ምሕረት ይሁን ከፈረንጁ 1953 ጀምሮ ነው እያሉ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ ሰማሁ፤ የፈረንጁ ነው። ከዚያ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል።

የጉዞ ወኪሉ ቢሮ ሲገባ ጥበቃው ቦርሳዬን ከፍቶ አየ። አዲስ አበባ ላይ ሳይፈተሹ የሚገባበት ሕንፃ የለም፤ እኛ የክፍለ ሀገር ሰዎች በቀን ስንት ጊዜ እጅ እንደምናነሣ ስንመለስ እናወራዋለን። ውስጥ ያለችው ልጅ ስለ አረቄ ስጠይቃት አልሳቀችም። ብዙ ሰው ይጠይቃታል ማለት ነው። የአውሮፕላኑን ደንብ በጣቷ እየቆጠረች አስረዳችኝ፦ አልኮሉ ከ24 በመቶ በታች ከሆነ በሻንጣ ይሄዳል፤ ከ24 እስከ 70 በመቶ ከሆነ ለአንድ ሰው እስከ አምስት ሊትር፣ ግን ፋብሪካ ባሸገው ዕቃ ብቻ፤ ከ70 በላይ ጨርሶ አይሄድም።

"የቤት አረቄ ስንት በመቶ ነው?" አልኳት።

"ዳግም ከሆነ 40ን ያልፋል። በሃይላንድ ወይም በጄሪካን ከሆነ ግን ስንትም ቢሆን አይሄድም፤ የታሸገ አይደለማ።"

ጠጁስ? ጠጅ ከ24 በታች ነው፤ ሊሄድ ይችላል። ግን መፍላቱን ገና አልጨረሰም፣ ሻንጣ ውስጥ ጋዝ እየፈጠረ ክዳኑን ይገፋል፣ ሲፈነዳ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ላይ ነው የሚፈነዳው። ይህን ያለችው ሕግ ጠቅሳ አይደለም፤ የደረሰበት ሰው አይታ ነው። አሜሪካ ሲደርሱ ደግሞ ዕድሜው 21 ለሞላ ሰው ያለ ቀረጥ አንድ ሊትር ነው። ዕድሜው እኛም ጋ ያው ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ መሸጥን ይከለክላል።

ስወጣ እስከ ለገሃር ወረድኩ። የይሁዳ አንበሳ ሐውልቱ አጠገብ ቆሜ ባቡር ጣቢያውን አየሁ። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው።

ማታ ካፒቴንን አገኘሁትና በአንድ ሆቴል በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን አወራን። ሆቴሉ ውስጥ ሠርግ አለ። የሙሽራው ወንድሞች ውስኪ በካርቶን ሲያስገቡ አንድ ሠራተኛ ደብተር ይዞ ጠርሙስ ይቆጥራል። ኮርኬጅ ነው፤ ለሠርግ ውስኪ ከውጭ ካመጣህ በጠርሙስ ትከፍላለህ። ካፒቴን በጣቱ አሳየኝ። "አየህ? እዚያም ይኸው ነው። ለዚህ ነው የገረመኝ፤ እኛ አገር ሠርግ ያስተናገደ ሰው ሁሉ የመርከብን ሕግ ያውቀዋል።"

መርከብ ከመርከብ ይለያል አለኝ። ካርኒቫልና ሮያል ካሪቢያን ለአንድ አዋቂ አንድ 750 ሚሊ ሊትር ወይን ወይም ሻምፓኝ በመሳፈሪያው ቀን ይፈቅዳሉ። ዲዝኒ ቸር ነው፤ ሁለት ጠርሙስ ወይን ወይም ስድስት ቢራ፣ ያውም በየወደቡ። ኖርዌጂያን ወይን አይከለክልም፣ ግን በጠርሙስ 15 ዶላር ይቆርጣል። ኤምኤስሲ ምንም አያስገባም። ቫይኪንግ የሚባለው ደግሞ አምጣ ይልሃል፤ ክፍልህም ጠረጴዛ ላይም ብትጠጣው አይጠይቅህም።

"የእትዬ መርከብስ?"

"አንድ ጠርሙስ ወይን ነው። የታሸገ።"

ያልተገደበ መጠጥ የሚባለውን ጥቅል ልጆቹ እንዳይገዙላቸውም አስጠነቀቀ። አንዱ አዋቂ ከገዛ በዚያው ክፍል ያሉ አዋቂዎች ሁሉ እንዲገዙ የሚያስገድዱ አሉ። እትዬ ከምሳ በኋላ ከአንድ መለኪያ አያልፉም። በካርኒቫሉ ጥቅል በቀን እስከ 15 የአልኮል መጠጥ ይፈቀዳል፤ የቀረውን አሥራ አራት ማን ይጠጣላቸው?

ማክሰኞ

ዝናብ ዋለ። መብራት ሄደ። እትዬ ለእናቴ ደውለው አረቄዋ እንደማይሄድ ነገሯት፤ እናቴ "ታዲያ ላኪ ያለኝ ማን ነው?" ብላ እኔ ላይ ጮኸች።

ረቡዕ

እትዬ ይጾማሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ካፒቴን "ጠጅ ቤት ሳላሳይህ አልመለስም" ብሎ ከጊዮርጊስ ወረድ ብላ ወዳለች አንዲት ቤት ወሰደኝ። ስሟ በር ላይ አልተጻፈም፤ መጋረጃ ናት በሯ። ረዣዥም አግዳሚዎች፣ ጭቃማ ወለል፣ ግድግዳው ላይ ጨዋታና ዱቤ ክልክል ነው የሚል ጽሑፍ። ዱቤው ባይሆንም ጨዋታው እንደሞላ ነው።

ብርሌው ሲቀርብ ካፒቴን ወዲያው አልጠጣም። ወደ አምፖሉ አነሣው። ቢጫው ድፍርስ ነው፤ ከሥሩ ጥቃቅን ነገሮች ወደ ላይ ይወጣሉ፣ አንገቱ ጋ ደርሰው ይመለሳሉ። ደረቅ ነው፤ መጀመሪያ ማር፣ ከዚያ ጌሾው ምላስ ኋላ ላይ ይቀራል። እንደ ሽማግሌዎቹ አንገቱን በሁለት ጣት ይዞ አውራ ጣቱን አፉ ላይ አደረገ። ዝንብ እንዳይገባ ነው፤ ባሕር ላይ ዝንብ ስለሌለ ይህን ልማድ ረስቼው ነበር አለ።

ከኛ ሁለት አግዳሚ ፊት ኮት የለበሰ ሰውዬ ብቻውን ተቀምጧል። አንድ ብርሌ አዝዟል። ከጠጁ ግማሹን ጨርሶ፣ ግራ ቀኝ አየና፣ ከኮቱ ውስጥ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ አወጣ። ውሃ አይደለም፤ ክዳኑ ሲከፈት እኛ ጋ ደረሰ። ብርሌው ውስጥ ቀዳ። ጠጅና አረቄ አንድ ላይ! እንኳን ሆዱ፣ ጠርሙሱም አይችለው።

አስተናጋጇ ጀርባዋን ሰጥታ ነበር። እንዴት እንዳየች አላውቅም። መጣች፣ አልተቆጣችም፤ ብርሌውን ከእጁ ወሰደችና ባዶውን ቦታ በጨርቅ ጠረገችለት።

"ጋሼ፣ አረቄዎን ከቤትዎ ካመጡ ወንበሩንም ይዘው ይምጡ እንጂ!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬውም ሳቀ። አንድ ብርሌ ተጨማሪ አዘዘ፣ ሃይላንዱን እሷ ባንኮኒ ጀርባ አስቀመጠችለት፣ ሲወጣ መለሰችለት። ካፒቴን ጭንቅላቱን እየነቀነቀ አያት። "ስድስት ሳምንት አሠለጠኑኝ። ይህችን ቢቀጥሯት አንድ ቀን ይበቃት ነበር።"

ወደ ቤት ስንመለስ ግን ሌላ ነገር ነው ያሳሰበኝ። ሰውዬው ያመጣው ሊቆጥብ ነው፤ እትዬ ግን የሚቆጥቡት ነገር የለም። ቲኬቱም ክፍሉም በልጆቻቸው ተከፍሏል፤ ቢፈልጉ ሻምፓኝ ያዝዙላቸዋል። እሳቸው የፈለጉት የልደታቸው ቀን እህታቸው ያወጣችው አረቄ በመለኪያ እንዲዞርና "የማን ነው?" ሲባል "የእህቴ" ማለት ነው። ማሽኑ ግን ይህን ከፀሐይ ቅባቱ ውስኪ አይለየውም፤ ሁለቱም ስክሪኑ ላይ አንድ ቀለም ናቸው። ለካፒቴን ስነግረው፣ "ልክ ነህ" አለኝ፣ "ግን ሻንጣ ከከፈትኩለት ሰው ሁሉ የእህቴ ነው ያላለኝ የለም።"

ሐሙስ

ውሳኔ ቀን። እትዬ ከካፒቴን ጋር ሳሎን ቁጭ ብለው ተደራደሩ፤ ካፒቴን መርከቡን ወክሎ።

"ጠጄን ጠርሙስ ውስጥ አድርጌ በሰም ባሽገውስ?"

"ፋብሪካ ያላሸገውን አላሳልፍም፣ እማማ።"

"አንድ ሃይላንድ ብቻ?"

"አላሳልፍም።"

"የእናትህን ጡት ጠብተህ ነው ወይስ የመርከቡን?"

በመጨረሻ ወደ ጉደር መጡ። ፋብሪካ ያሸገው የአገር ቤት ወይን ነው፣ 750 ሚሊ ሊትር ነው፣ አልኮሉ ከ24 በታች ነው፣ ከአንድ ሊትር ቀረጥ በታች ነው። አውሮፕላኑም፣ ጉምሩኩም፣ መርከቡም አንድ ላይ የሚስማሙበት ጠርሙስ ይህ ብቻ ሆነ። እትዬ ጉደር ጠጥተው አያውቁም። ፒያሳ ካለ ሱፐርማርኬት ገዝቼ መጣሁ፤ በሁለት ነጠላ ጠቀለሉትና ብርሌዎቹ መሐል አስተኙት።

ልጆቹ ደግሞ የየራሳቸው አንድ ጠርሙስ ይፈቀድላቸዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ የሐበሻ ሱቆች ውስጥ አሜሪካ የተጠመቀ፣ ታሽጎ የማር ወይን የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ጠጅ ይሸጣል። ካፒቴን "እኔ ብሆን አሳልፈዋለሁ" አለ። እትዬ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ፣ ወዲያው ደግሞ ጠቆረ፤ ጌሾውን ከየት አግኝተው ነው ብለው።

አንድ ነገር ግን ሊያጣላን ነበር። አውሮፕላን ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በእጅ አይያዝም ይላል፤ ስለዚህ ጉደሩ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። መርከቡ ደግሞ ወይኑ በእጅ ቦርሳ ካልሆነ አይገባም ይላል፤ ወደብ ላይ ለተሸካሚ በተሰጠ ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ያቺ ጠባብ ክፍል ትጠብቃቸዋለች። ስለዚህ ማያሚ ላይ፣ ከሆቴል ሲወጡ፣ ጠርሙሱ ከሻንጣ ወጥቶ ወደ እጅ ቦርሳ መዛወር አለበት። እትዬ ይህን በቃል ያዙት። ለልጃቸውም በስልክ አስጻፉት።

ዓርብ

ማታ ቦሌ አደረስናቸው። ሁለቱ ሻንጣዎች 23፣ 23 ኪሎ መሆን ነበረባቸው፤ አንዱ አለፈ። እዚያው መሬት ላይ ተከፍቶ የሽሮ ፌስታል ወጣ፣ ዳቦ ቆሎ ወጣ። ሠራተኛዋ "ይሄስ ምንድን ነው?" ብላ ነጠላውን ስትነካ እትዬ፣ "ጉደር፤ 750፤ የታሸገ፤ ከ24 በታች" አሏት በአንድ ትንፋሽ። ልጅቷ እጇን መለሰች።

ካፒቴን ከኔ ጋር አልመጣም፤ እሱም የሚሳፈርበት ቀን ደርሶ ዕቃውን እያሰረ ነው። ጄሪካኑን ለሱ ሰጡት፤ ሁለት ሊትር ያህል ቀርቶት ነበር። መርከብ ላይ እንደማይወስደው ማስረዳት አላስፈለገውም። ሠፈሩ በዚያው ሌሊት ጨረሰው።

ደሴ ከገባሁ በኋላ

እትዬ ከመርከቡ ደወሉ። መስመሩ ይቆራረጣል። ጉደሩ አልፏል፤ የሲልቨር ስፕሪንጉ ጠጅም አልፏል፣ ፈታሹ ጠርሙሱን አዙሮ አንብቦ "መልካም ልደት" ብሏቸዋል። ጠጁ "ለስላሳ መጠጥ ነው" ብለው ፈረዱበት፤ ግን በብርሌ ቀርቦ ተጠጥቷል፤ ከአጠገባቸው ጠረጴዛ ያሉ ፈረንጆችም መጥተው ብርሌውን ፎቶ አንሥተዋል። ጉደሩን ወደ እራት አዳራሽ ይዘው ሲገቡ አስተናጋጁ መክፈቻ 15 ዶላር ነው አላቸው።

"መክፈቻ? እኔ ራሴ እከፍተዋለሁ አልኩት!"

"ከዚያስ?"

"ልጄ አሳፈረኝ። ክፍላችን ወስደን ሰገነቱ ላይ ጠጣነው፣ እዚያ አያስከፍሉም። እንዲያው ያቺ ካፒቴን ያላት፣ ሁሉን የምታስገባዋ መርከብ ዋጋዋ ስንት ነው? ጠይቅልኝ።"

ጠየቅኩ። ካፒቴን ከሌላ ባሕር ላይ ሆኖ በቴሌግራም መለሰ፦ ቲኬቱ ከነሱ መርከብ ብዙ ይወደዳል፤ ምሳና እራት ላይ የሚቀርበው ወይንና ቢራ ከዚያው ውስጥ ተከፍሏል። ለእትዬ አነበብኩላቸው።

"ይቅርብኝ" አሉ። "የሚቀጥለውን ልደቴን ግንፍሌ አደርገዋለሁ፤ ለእናትህ አረቄውን አሁኑኑ ታውጣ በላት።"